ስለ ካርቡራተር ፍሎት፦ የሚባለውና እውነታው

ኮምቦልቻ ላይ የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ወሬ ከተነሳ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሲፈታ የዋለ ሰው ቶሎ ይገባበታል። አይፈረድበትም። አሠራሩ ያው ነው፦ ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ፍሎት የሚባል ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚን ሲሞላ ፍሎቱ ተንሳፍፎ መርፌዋን ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል። የጋራዡ ልማድ ግን ወደ አውሮፕላን እንዳለ አይሄድም።

«ኮምቦልቻ የሚያርፈውም አውሮፕላን ፍሎት አለው።»

የለውም። እዚህ የምናየው ኪው400 ቱርቦፕሮፕ ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን ስለሆነ ካርቡራተር አያውቅም። ፍሎት ያለው እንደ ሴስና 150 ባሉ ወይም ባለ ካርቡራተር ሮታክስ 912 ሞተር በተገጠመላቸው ቀላል አውሮፕላኖች ላይ ነው።

«ወዝውዘው። ውስጡ ካልተንቦጫቦጨ ደህና ነው።»

ይሄ ለድሮው የናስ ፍሎት ይሠራል፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከተበሳ ቤንዚኑ ይሰማል። ሮታክስ 912 ላይ ያለው ግን ባዶ አይደለም። ቤንዚኑን ቀስ እያለ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ መንሳፈፍ ያቅተዋል። ብትወዘውዘው ድምፅ የለ፣ ብታየው ስንጥቅ የለ። ፍርዱ በሚዛን ነው። በአንድ ካርቡራተር ውስጥ ሁለት ፍሎቶች አሉ፤ የሁለቱ ክብደት አንድ ላይ ከ7 ግራም መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ የሽንኩርት ሚዛን ዋጋ የለውም። የግራምን አንድ አሥረኛ የሚለይ፣ ደሴ ወርቅ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ያስፈልጋል። ደግሞ አውጥተህ ላዩን ጥረግና ወዲያው መዝን። ፀሐይ ላይ አስጥተኸው ሻይ ጠጥተህ ከመጣህ የመጠጠው ቤንዚን ይተንና የታመመው ፍሎት ጤነኛ መስሎ ይጠብቅሃል።

የከበደ ፍሎት ምልክቱ ምንድን ነው? ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይንቀጠቀጣል፣ በማስተንፈሻው ቱቦ ቤንዚን ይወጣል። ሮታክስ ሁለት ካርቡራተር ስላለው ብዙ ጊዜ የሚታመመው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ መንቀጥቀጡም ከዚያ ይመጣል።

«ካንዴላው ከጠቆረ ጥፋቱ የፍሎቱ ነው።»

ሊሆን ይችላል። ግን ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ የገባ ሞተር ሳይክልም ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍሎቱ ምንም ሳይሆን። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሴስና ላይ ለዚህ የድብልቅ መቆጣጠሪያ አለ፤ አብራሪው እየወጣ ሲሄድ ቤንዚኑን ያሳሳል። ይሄን ሳያጣሩ ካርቡራተር መፍታት በከንቱ መልፋት ነው።

«ከሥር ከተንጠባጠበ ፍሎቱ ተበስቷል።»

መጀመሪያ መርፌዋንና መቀመጫዋን እይ። እዚያ የገባች የአሸዋ ቅንጣት ያንኑ ታደርጋለች። ሴስና ላይ ደግሞ ካርቡራተሩ ከሞተሩ ሥር ስለሆነ ሞተሩ ሳይነሳ ጋዙን ደጋግሞ የገፋ አብራሪ ራሱ ያንጠባጥበዋል። ፍሎቱ ንጹሕ ቢሆንም እሳት የማስነሳቱ አደጋ እንዳለ ነው።

«የተበሳውን ፍሎት በይደው፣ መርፌዋን የምትገፋዋን ምላስም በዓይን ጠምዘዝ አድርጋት።»

ብየዳው ራሱ ክብደት ነው፤ ቀዳዳውን ደፍነህ ፍሎቱን ታሰምጠዋለህ። የፍሎቱ ከፍታም በዓይን አይለካም። ሴስና 150 ላይ ባለው ኤምኤ-3 ካርቡራተር ክዳኑ ይገለበጣል፣ ጋስኬቱ እንዳለ ይቀመጣል፣ ከጋስኬቱ እስከ ፍሎቱ 7/32 ኢንች (5.6 ሚሊሜትር ገደማ) ይለካል፤ ያውም በሁለቱም በኩል እኩል። እኔ ምላሷን ባትነካ እመርጣለሁ። ፍሎቱ ከተበላሸ በአምራቹ ዕቃ ይቀየራል፣ ፈቃድ ያለው መካኒክም ይፈርምበታል።

«መርፌዋ ስትጣበቅ ካርቡራተሩን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ካደረግከው ይለቃል።»

ይለቃል። ባጃጅ ከሆነ ቤት ያደርስሃል። አውሮፕላን ላይ ግን መርፌዋን ያጣበቀው ቆሻሻ እዚያው እንዳለ ትነሳለህ ማለት ነው። የካርቡራተሩን ማጠራቀሚያ አፍስስ፣ የወጣውን በነጭ ጨርቅ አሳልፈህ እይ፤ ዝገት ወይም ውሃ ካገኘህ ወደ ማጣሪያውና ወደ ታንከሩ ሂድ።