የድሮ ፒክአፕ ባለቤትነት

ክላሲክ ፒክአፕ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከተሠራ 25 ወይም 30 ዓመት ያለፈው ቀላል የጭነት መኪና ነው። ፎርድ ሞዴል ቲን ከነካሶኒው (ከኋላ ካለው የጭነት ሳጥን ጋር) ከፋብሪካ መሸጥ የጀመረው በ1925 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ በጣም ከሚፈለጉት መካከል ከ1947 እስከ 1955 የተሠራው ሸቭሮሌት አድቫንስ ዲዛይን፣ በ1948 የወጣው ፎርድ ኤፍ-1 እና ከ1967 እስከ 1972 የተመረተው ሸቭሮሌት ሲ-10 ይገኙበታል። ከጃፓኖቹ ደግሞ ቶዮታ ሃይሉክስ በ1968 ተጀመረ። ሁሉም የተገዙት ለሥራ ነው፤ ከአቅም በላይ ተጭነዋል፣ ውጭ አድረዋል፣ ሲሰበሩም በተገኘው ነገር ተጠግነዋል። ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ ማየት ያለበት ሞተሩን ሳይሆን ብረቱን ነው። ሞተር በሳምንት ይወርዳል፣ ይታደሳል፤ የበሰበሰ ካቢን ግን ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ዝገቱ የሚጀምረው ውሃ ገብቶ መውጫ በሚያጣበት ቦታ ነው። ከመስታወቱ ሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ ቅጠልና አቧራ ሲደፍነው ውሃው በሁለት ላሜራ መካከል ይቀራል፤ ወለሉ፣ የበሩ መርገጫና የካቢኑ የኋላ ታችኛ ማዕዘኖች የሚበሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቀለም የሸፈነውን ስቱኮ (የብረት ቀዳዳና ስርጉድ የሚሞላበት ልጥፍ) ለማወቅ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል፤ ስቱኮው በወፈረበት አይዝም። በሩን ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ማንሳትም ብዙ ይናገራል። የሚወዛወዘው ማጠፊያው ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው፣ ማጠፊያው የታሰረበት ምሰሶ ከሆነ ግን ብየዳ ይጠብቃል። የካሶኒው ወለል ሳንቃ ከሆነ ከሥር ገብቶ ተሸካሚ ብረቶቹን ማየት ያስፈልጋል፣ እንጨት እርጥበት ይይዛልና። ቴላዮውን (መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን የብረት አጽም) በመዶሻ ሲመቱት ጤነኛው ይጮሃል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። በመኪናው ላይ የተመታው ቁጥር ከሰነዱ ጋር ካልገጠመ ግን የቀረውን ማየት አያስፈልግም።

የሞተሩ ጤንነት በኮምፕሬሽን (በሲሊንደር ውስጥ ያለ ግፊት) መለኪያ ይታወቃል። ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ቢያንስ 75 በመቶ መድረስ አለበት። ባልደረሰው ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፦ ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ካልጨመረ ጥፋቱ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ስለሚያበላሽ ኤታኖልን በሚቋቋሙ ቱቦዎች መቀየር ይገባል። አብዛኞቹ የሸቭሮሌት ፒክአፖች ከ1949 እስከ 1972 ድረስ ታንካቸው ከወንበሩ ጀርባ፣ ካቢኑ ውስጥ ነበር፤ እዚያ የቤንዚን ሽታ ካለ መጀመሪያ የመሙያውን ቱቦ ማየት ነው።

እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ነበሩ። ቮልቴጁ በግማሽ ሲያንስ ለተመሳሳይ ሥራ የሚፈሰው ከረንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን የባትሪ ገመድ ከተገጠመበት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይደክማል። ብዙ ሰው በከንቱ ሞተሪኖ የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ገመድና በደንብ የተጠረገ የመሬት (የኔጋቲቭ) ማያያዣ አብዛኛውን ችግር ይፈታል።

ፍሬን ግን ቀልድ አያውቅም። ከ1967 በፊት የተሠሩት በአብዛኛው የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ ፍሬን የሚባል ነገር አይቀርም። ዋናውን ፓምፕ ሁለት መስመር ባለው መተካት ከቀለምም ከጎማም በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። መኪናው ሲፈርን ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ወይ በአንዱ ጎማ ሸራው ዘይት ነክቶታል፣ ወይ የፍሬኑ ማስተካከያ በሁለቱም ጎን እኩል አልጠበቀም። ካሶኒው ባዶ ሲሆን የኋላ ክብደቱ ትንሽ ነው፤ በእርጥብ መንገድ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ።

መሪው የሚወዛወዝ ከሆነ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንስቶ ላይና ታቹን ይዞ መነቅነቅ ነው። ሌላ ሰው ፍሬኑን ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ከቀጠለ ፒኑ (የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ብረት) አልቋል። ፒኑን የሚያስጨርሰው የግራሶ እጦት ነው፤ በየ1,600 ኪሎ ሜትር መሞላት አለበት።

ለወራት የሚቆም መኪና ታንኩ ይሞላል፣ ባትሪው ይፈታል። በየሳምንቱ ለ5 ደቂቃ ማስነሳት ጥቅም ይመስላል እንጂ ይጎዳል፦ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውሃው ሳይተን በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ይቀራል።