በረንዳ አዳሪነት በደሴ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ቤት የሌለውን ሰው ከረሃብ ይልቅ የሚፈትነው ብርድ ነው። ምግቡስ ከወዲያም ከወዲህም አይጠፋም፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰደቃ አለ፣ እሑድ የሰንበቴ ዳቦ አለ። ዓርብን መስጊድ፣ እሑድን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚውል የኔ ቢጤ በወሎ ብርቅ አይደለም።

ማታ ሱቆች ሲዘጉ በረንዳው ባለቤት ይለውጣል። ካርቶን ከሥር ይነጠፋል፣ የማዳበሪያ ከረጢት እስከ ወገብ ይጠለቃል። ጠዋት ባለሱቁ ሳይደርስ ካርቶኑ ታጥፎ ይነሳል፤ ደጁም ይጠረጋል። ሳይጠርግ የሄደ በማግሥቱ ቦታውን ላያገኝ ይችላል። ይህን ውል የጻፈው የለም።

በመንግሥት በኩል ዋናው ሥራ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች። አብዛኛው ተጠቃሚ መንገድ እያጸዳ፣ ችግኝ እየተከለ የሚከፈለው ነው፤ መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ችግሩ ምልመላው ላይ ነው። ድሃውን የሚለየው የቀበሌው ነዋሪ ራሱ ነው፣ የሚቆጠረውም ቤተሰብ ነው። በረንዳ አዳሪ ደግሞ ቤተሰብ አብሮት የለም፤ ማን ጎረቤቴ ነው ብሎ ይመስክርለት? ስለዚህ ለጎዳና ተዳዳሪዎች የተለየ ክፍል ተበጀ፦ ጊዜያዊ መጠለያ፣ ምክር፣ የሙያ ሥልጠና፣ ወደ ቤተሰብ መመለስ።

ጎዳና ሳይወጡ የሚያስቀረው ግን ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ የቀበሌ ቤት የድሃው ትልቁ መከታ ሆኗል፤ ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ጣሪያው ግን ያረጀ። በየክረምቱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ቆርቆሮ ይቀይራሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ። በእኔ ግምት ሁነኛው ሥራ ይኸው ነው፤ ቤቱ የፈረሰባትን አሮጊት ከበረንዳ ማንሳት ከጥቂት ቆርቆሮ ይልቅ እጅግ ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ያፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ነዋሪው ምግብና አልባሳት አዋጣ፤ ዘመድ ያለው ዘመዱን፣ ሌላውም የማያውቀውን እንግዳ ቤቱ አስገባ። ጥቅምት 2014 ውጊያው ከተማዋ ሲደርስ ብዙ አስጠጊና ተጠጊ አብረው ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ወጡ።