በዜግነት የሚጠየቅ ግብር ምንድን ነው?

ከአሜሪካ ወጥቶ ሌላ አገር ለመኖር የሚሰናዳ ሰው ቀድመውት የሄዱትን የሚጠይቀው ነገር ይመሳሰላል። የቤት ኪራይ ስንት ነው? ቪዛው ይከብዳል? ልጆቹ የት ይማራሉ? መጠየቁ ጥሩ ነው። እኔ ግን ታክስ ይቅደም ባይ ነኝ። ሰውየው ሊዝበን ቢሄድ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ቢሰፍር፣ ወይም ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ቢገባ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አይአርኤስ አይለቀውም።

አብዛኞቹ አገሮች ግብር የሚጠይቁት በነዋሪነት ነው። የለንደን ሰው እንግሊዝን ለቆ ናይሮቢ ከኖረና እዚያው ከሠራ፣ የናይሮቢ ደመወዙን የእንግሊዝ መንግሥት አይነካበትም። አሜሪካ የምትጠይቀው ግን በዜግነት ነው። ፓስፖርቷን የያዘ ሰው የትም ይኑር የትም ይሥራ፣ ገቢው ሕጉ ካስቀመጠው መነሻ ካለፈ በየዓመቱ ፋይል ማድረግ፣ ማለትም ገቢውን በቅጽ ማሳወቅ አለበት። ግሪን ካርድ የያዘም እንደዚያው። በዚህ ረገድ ከአሜሪካ ጋር ስሟ የሚነሳው ኤርትራ ናት፤ ውጭ ከሚኖሩ ዜጎቿ የገቢያቸውን 2 በመቶ ትጠይቃለች።

የነገሩ ሥር የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ድረስ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1924 ኩክ የተባለ፣ ሜክሲኮ ሲቲ የሚኖር አሜሪካዊ፣ «እዚሁ ሜክሲኮ ካለ ንብረቴ ላገኘሁት ገቢ ለምን ለአሜሪካ እከፍላለሁ?» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ተረታ። ውሳኔው ዛሬም ይሠራል።

እንዲህ ሲባል ግን ሁሉም ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት አይደለም። ውጭ አገር ሠርቶ ካገኘው ገቢ የተወሰነውን ከግብር ነፃ የሚያደርግ ሕግ አለ። ለ2025 ጣሪያው 130,000 ዶላር ነበር። ይህን ለማግኘት አንደኛው መንገድ በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን በሌላ አገር መቆየት ነው። «ሙሉ» የምትለዋን ልብ በሉ። ከዋሽንግተን ተነስቶ ጠዋት ቦሌ ያረፈ ሰው ያ ቀን ላይቆጠርለት ይችላል። ሙሉ ቀን የሚባለው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ያለው ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ እያሉ አሜሪካ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ቀኑ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ከመክፈል የሚያድነው ሌላው መንገድ ላሉበት አገር የከፈሉትን ግብር ከአሜሪካው ግብር ላይ ማቀናነስ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛው የደመወዝ ግብር 35 በመቶ ስለሆነ፣ እዚያ ደህና ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ለአሜሪካ የሚተርፈው ዕዳ ላይኖር ይችላል። ሁለቱም ግን ፋይል ላላደረገ ሰው በራሳቸው አይመጡም። ካፌ ከፍቶ በግሉ የሚሠራም ይጠንቀቅ። የገቢ ግብሩ ቢቀርለት እንኳ 15.3 በመቶ የሚሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ክፍያ አይቀርለትም፤ ከኢትዮጵያ ጋር በዚህ ላይ ስምምነት የለም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኤፍባር የሚባለው ሪፖርት ነው። ግብር አይደለም። ውጭ አገር ያሉ የባንክ አካውንቶች በሙሉ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አንድ ሳንቲም ግብር የማይከፍል ሰው እንኳ ከዚህ አያመልጥም። እናት አርጅተው ባንክ መመላለስ ሲያቅታቸው «አንተ ፈርምልኝ» ብለው በአካውንታቸው ላይ የልጃቸውን ስም ያስገባሉ። ገንዘቡ የእናት ነው፤ ፊርማው ግን የልጅ ስለሆነ ያ አካውንትም ይቆጠራል።

ቢትነር የተባለ ሰው ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። ሩማንያ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ገባ፣ ዜግነት አገኘ፣ በ1990 አገሩ ተመልሶ ሀብት አፈራ። ሪፖርቱን ማቅረብ እንዳለበት አላወቀም። የአምስት ዓመት ሪፖርት፣ በድምሩ 272 አካውንት ተቆጠረበት፤ መንግሥት በእያንዳንዱ 10,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጠየቀው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ቅጣቱ በሪፖርት እንጂ በአካውንት አይቆጠርም ብሎ ወደ 50,000 ዶላር አወረደለት። እዚያ ለመድረስ ግን ስንት ዓመት በፍርድ ቤት ተንከራተተ!

ምክር ስትጠይቁም ሰው ምረጡ። ስለ ኪራይና ስለ ሰፈር ጀርመናዊው ጎረቤትም ያውቃል። በዚህ ጉዳይ ግን ከልቡ «ምንም አትጨነቅ፣ እኔ ለአገሬ አልከፍልም» ሊላችሁ ይችላል። እውነቱን ነው፤ የእሱ አገር አትጠይቀውም። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ከዚያው አገር ሆኖ ፋይል ያደረገ ሰው ፈልጉ። ከመነሳታችሁ በፊትም ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎችን ታክስ የሚሠራ ባለሙያ አነጋግሩ። ሰፈር ያለው ታክስ ሠሪ ጎበዝ ቢሆንም ይህን ላያውቀው ይችላል።

ሳያውቅ ዓመታት ላለፉት ሰው በሩ አልተዘጋም። ሆን ብሎ ካልደበቀና አይአርኤስ ምርመራ ሳይጀምርበት ከቀደመ፣ የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት ኤፍባር አስገብቶ የሚስተካከልበት አሠራር አለ። ውጭ አገር ለሚኖርና መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው ቅጣቱ ይነሳለታል፤ ያልተከፈለ ግብር ካለ ግን ከነወለዱ ይከፍላል።