የጃፓን ጄ3 ሊግ፣ የ2014 የመጀመሪያው የውድድር ዓመት

ጄ3 ከጄ1ና ከጄ2 ቀጥሎ የሚገኝ የጃፓን ወንዶች እግር ኳስ ሦስተኛ እርከን ነው። የመጀመሪያው የውድድር ዓመት ማርች 2014 ተጀምሮ ኖቬምበር ላይ አለቀ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ሦስተኛው እርከን ጄኤፍኤል የሚባለው ሊግ ነበር። እዚያ እንደ ሆንዳ ያሉ የኩባንያ ቡድኖችና ፕሮፌሽናል መሆን የሚፈልጉ የከተማ ክለቦች አንድ ላይ ይጫወታሉ። ጄ3 ሲመሠረት 9 ክለቦችን ወሰደበት፤ ጄኤፍኤልም ወደ አራተኛ እርከን ወረደ። ከጄ2 የወረደው ጋይናሬ ቶቶሪና ከክልል ሊግ የመጣው ግሩላ ሞሪዮካ ተጨመሩ። 11 ሆኑ ማለት ነው።

አሥራ ሁለተኛው ግን ክለብ አልነበረም። ከጄ1ና ከጄ2 ክለቦች የተውጣጡ፣ በቋሚነት የመሰለፍ ዕድል ያጡ ወጣቶች የተሰባሰቡበት ከ22 ዓመት በታች ምርጥ ቡድን ነበር። ዓላማው ለ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ልጆቹን በጨዋታ ማብሰል ነው። ሜዳ የለውም፣ የሚያድግበት ሊግም የለውም። ሁሉንም ጨዋታ ከሜዳው ውጭ አድርጎ 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ግን አብሮ ልምምድ የማይሠራ ቡድን ነጥብ የሚሰበሰብበት ሊግ ውስጥ መግባቱ ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም። ከ2015 በኋላ ፈረሰ።

እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኝቶ 33 ጨዋታ አደረገ። ጉዞው ቀላል አይደለም፤ ኤፍሲ ሪዩኪዩ ያለው በደቡብ ጫፍ ኦኪናዋ ደሴት ላይ ነው፣ ብላውብሊትዝ አኪታ ደግሞ በረዶ በሚበዛበት ሰሜን። ደንቡ ክለቦቹን ቢያንስ ሦስት ፕሮፌሽናል ተጫዋች እንዲኖራቸው ብቻ ነበር የሚያስገድደው። ስለዚህ ብዙ ተጫዋቾች ቀን ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር።

ዋንጫውን ያነሳው በአሰልጣኝ ሂቶሺ ሞሪሺታ የሚመራው ትስቫይገን ካናዛዋ ነው። በቀጥታ ወደ ጄ2 አደገ። ናጋኖ ፓርሴይሮ ሁለተኛ፣ ማቺዳ ዜልቪያ ሦስተኛ ሆኑ። ኮከብ ግብ አግቢው በ19 ግቦች የማቺዳው ኮጂ ሱዙኪ ነበር።

ለእኔ ግን የዚህ ዓመት ዋና ታሪክ የናጋኖ ነው። ጃፓን ውስጥ ለማደግ ነጥብ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ለጄ2 ፈቃድ 10,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ይጠየቅ ነበር። ናጋኖ በ2013 የጄኤፍኤል ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ሜዳው መስፈርቱን ስላላሟላ እዚያው ቀረ። በምትኩ ሁለተኛ የወጣው ካማታማሬ ሳኑኪ የደርሶ መልስ ጨዋታ አድርጎ፣ ቶቶሪን አውርዶ ጄ2 ገባ።

በቀጣዩ ዓመት ናጋኖ ስታዲየሙ በግንባታ ላይ ስለነበር በተውሶ ሜዳ እየተጫወተ ሁለተኛ ወጣ። ይህ ደረጃ በጄ2 ለሚገኝ አንድ ቦታ በደርሶ መልስ ከጄ2 21ኛ (ከመጨረሻ ሁለተኛ) ጋር ያገናኘዋል። 21ኛው ማን ነበር? ያው ሳኑኪ! የመጀመሪያው ጨዋታ በናጋኖ አስተናጋጅነት 0 ለ 0 አለቀ። በመልሱ ሳኑኪ 1 ለ 0 አሸንፎ ቦታውን አስጠበቀ። አንዲት ጎል ናት ሁሉንም የወሰነችው።

አዲሱ ስታዲየም በ2015 ተከፈተ። ከ15,000 ሰው በላይ ይይዛል፣ ማለትም ለጄ1 ጭምር ይበቃል። ናጋኖ ግን ያን ዓመትም፣ በ2016ም ሦስተኛ ሆነ። በ2020 እስከ መጨረሻው ቀን ሁለተኛ ነበር፤ በዚያ ቀን ሳጋሚሃራ የተባለው ክለብ ቀደመውና እንደገና ሦስተኛ። እስከ 2025 ድረስ ከጄ3 አልወጣም።

የማቺዳ መንገድ ሌላ ሆነ። በ2015 ሁለተኛ ወጥቶ የጄ2ውን ኦይታ ትሪኒታን በደርሶ መልስ አሸንፎ አደገ። በ2023 ጄ2ን አሸንፎ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ጄ1 ገባ፤ ያን ዓመትም ሦስተኛ ጨረሰ። ሻምፒዮኑ ካናዛዋ በጄ2 እስከ 2023 ቆይቶ ወደ ጄ3 ተመለሰ።

በ2014 ከጄ3 ወደ ታች የሚወርድ አልነበረም። የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ የጨረሰው የዮኮሃማው ዋይኤስሲሲ ስለዚህ ተረፈ። ወራጅነት የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዋይኤስሲሲም በ2024 መጨረሻ በጄኤፍኤሉ ኮቺ ዩናይትድ ተሸንፎ ወደ ጄኤፍኤል ወረደ።