ለስቲክ ማይነር የሚሆን ባለ አዳፕተር ዩኤስቢ ሀብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስቲክ ማይነር ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ፣ ጣት የሚያህል ቢትኮይን ማውጫ ማሽን ነው። ሀብ ደግሞ አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ ነው፤ ባለ አዳፕተሩ ኃይሉን ከራሱ አዳፕተር ያገኛል። ብዙ ሰው ማሽኑን ሲመርጥ ሳምንት ያጠናል፤ ሀቡን ግን ያገኘውን ያነሣል። ኋላ የሚመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከሀቡ ነው።

«ሰባት ቀዳዳ ካለው ሰባት ማይነር ይችላል»

የቀዳዳው ብዛት ስለ ኃይሉ ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ አዳፕተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። 12 ቮልት 3 አምፔር ካለ 36 ዋት ማለት ነው። ሀቡ ወደ 5 ቮልት ሲያወርደው ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ 15 በመቶ ቢባክን የሚተርፈው 6 አምፔር ገደማ ነው። ለሰባት ሲካፈል ለአንዱ 0.9 አምፔር እንኳ አይደርሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ብሎክ ኢራፕተር የሚስበው ግማሽ አምፔር ገደማ ስለነበር እንዲህ ያለ ሀብ ሰባቱንም ይሸከም ነበር። ምክሩ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። የዛሬዎቹ፣ ለምሳሌ ጌኮሳይንስ ኮምፓክ ኤፍ፣ ፍሪኩዌንሲያቸው (ቺፑ የሚሠራበት ፍጥነት) ከፍ ሲል 2 አምፔር ያልፋሉ። እዚህ ሀብ ላይ ሁለት ሰክታችሁ ተዉት። እሱም ቢሆን እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው ያንን ያህል የሚሰጥ ከሆነ ነው፤ ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ካለ ይሄ ይሁን።

«ዩኤስቢ 3.0 ስለሆነ ይበቃል»

3.0 በደንቡ የሚሰጠው 0.9 አምፔር ነው፤ 2.0 ደግሞ 0.5። ፍጥነቱ አይጠቅማችሁም፤ ማይነር የሚልከው ዳታ ኢምንት ነው። አምፔሩ ጠንካራ የሆነ የ2.0 ሀብ ደካማ ከሆነ የ3.0 ሀብ ይበልጣል።

«ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ኃይለኛ ስለሆነ እዚያ ልሰካው»

ብዙዎቹ የቻርጅ ቀዳዳዎች የዳታ መስመር የላቸውም። ማይነሩ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም።

«መብራቱ ከበራ ሀቡ ደህና ነው»

ማይነሩን በሚያሠራው ፕሮግራም፣ በሲጂማይነር ላይ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ዞምቢ» (ማይነሩ መልስ መስጠት አቁሟል) የሚል ጽሑፍ ከመጣ ቮልቴጁ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ በሀቡና በማይነሩ መካከል ስኩ፤ ሁሉም ማይነሮች ሥራ ላይ እያሉ አንብቡት። ባዶ ሀብ ሁልጊዜ 5 ቮልት ስለሚያሳይ ያታልላል። ከ4.75 ቮልት በታች ከወረደ ፍሪኩዌንሲውን በ25 ሜጋኸርዝ እየቀነሳችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልተስተካከለ አንዱን ማይነር ንቀሉ። እየጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ የሚመለስ ቀዳዳ ደግሞ ፊውዙ ሲግል እየቆረጠ ሲበርድ እየመለሰ ሊሆን ይችላል።

«ሀቡ የራሱ አዳፕተር ስላለው ኮምፒውተሩን አይነካም»

አንዳንድ ርካሽ ሀቦች 5 ቮልቱን በዳታ ገመዱ በኩል ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ማይነሩን የምታሠሩት ራስፕቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ከሆነ መፈተሹ ቀላል ነው፦ የፓዩን ኃይል ነቅላችሁ ሀቡን ብቻ አብሩ። የፓዩ ቀይ መብራት ከበራ ያ ሀብ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ፋኑንም እዚያው ሀብ ላይ ልሰካው»

ማይነሮቹን የሚያቀዘቅዘው ፋን የኃይል ድርሻቸውን ይሻማል፤ በተለየ ቻርጀር አሠሩት። በሁለት ማይነሮች መካከል አንድ ቀዳዳ ባዶ ተዉ፣ አየር ይለፍ። ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ሁሉን አጥፍታችሁ ስቲኩን ንቀሉና የቀዳዳውን ፕላስቲክ እዩ። የተለመደው ዩኤስቢ ቀዳዳ ከ2 አምፔር በላይ ለረጅም ሰዓት እንዲያሳልፍ የተሠራ አይደለም። ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ እዚያ ቀዳዳ ላይ ዳግም አትሰኩ።