የወገብ ሕመም ሁሉ ዲስክ አይደለም

ባሕር ዳር ላይ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ዲስክ ነው» ይባላል። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ ወይም ጣና ዳር ዕቃ ሲጭን የዋለ ሰው ሲያርፍ ከቀለለው፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ዲስክ ወይም የመገጣጠሚያ መበላት ነው።

አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ፣ ማለትም የአከርካሪና የዳሌ መጋጠሚያን የሚያቃጥልና እየቆየ የአከርካሪ አጥንትን የሚያያይዝ በሽታ፣ ግን ተቃራኒው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት በፊት ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከ3 ወር በላይ ይቆያል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ጠዋት ወገብ ግትር ብሎ ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ያቅታል፣ ከዚያ በዘንባባው መንገድ ትንሽ ሲራመዱ እየለቀቀ ይመጣል። ዕረፍት አያሽለውም። ዓይን ቀልቶ ካመመም ለሐኪሙ ንገሩት፣ ተያያዥ ነው።

ዲሽ (DISH) የሚሉት፣ በአከርካሪ ላይ ትርፍ አጥንት የሚያበቅል በሽታ ደግሞ በዕድሜ የገፉትን፣ በተለይ ስኳር ያለባቸውን ይይዛል። እሱም የአከርካሪ አጥንትን ያያይዛል፤ ግን የአከርካሪና የዳሌ መጋጠሚያን ብዙውን ጊዜ አይነካም። ወገብ እያመማችሁ የዳሌ ራጅ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ ሲጀምር ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳያል። ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያዘው የዘር ምልክት፣ የኤችኤልኤ ቢ27፣ ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን በሽታው አለ አያሰኝም።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ግን ከሁሉ በፊት የአከርካሪ ቲቢ ይጣራ። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ከእንስሳት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ይታይ።