«ባልዲህን ካለህበት ጣል»

መርከቧ ባሕር ላይ መንገድ ከሳተች ቆይታለች። የሚጠጣ ውሃ የለም። ከሩቅ ሌላ መርከብ ሲያዩ «ውሃ! በጥም አለቅን!» ብለው ምልክት ሰጡ። «ባልዲያችሁን እዚያው ካላችሁበት ጣሉ» አላቸው። በጨው ባሕር ላይ! ደግመው ጠየቁ፣ ያው መልስ። አራት ጊዜ። በመጨረሻ ካፒቴኑ ባልዲውን ቢጥል ኩልል ያለ ውሃ ወጣ። ለካ የአማዞን ወንዝ ባሕር የሚገባበት ላይ ናቸው።

ይህን ታሪክ የነገረው የአሜሪካ ጥቁሮች መሪ የነበረው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895 አትላንታ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ። በባርነት የተወለደ ሰው ነው። አላባማ ውስጥ በሚመራው የቱስኬጊ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ጡቡን ራሳቸው እየሠሩ ነው ሕንፃ ያቆሙት። ለጥቁሮቹ ያላቸው እንግዲህ ይኸው ነው፦ እዚሁ የአሜሪካ ደቡብ ሆናችሁ ሙያ ያዙ፣ እረሱ፣ ነግዱ፤ ሌላው ይደርሳል። በእኛ አፍ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደማለት። በማኅበራዊ ኑሮ እንደ ጣቶች ተለያይተን፣ ለጋራ ዕድገት ግን እንደ እጅ አንድ እንሁን ሲል ነጮቹ በጭብጨባ አቀለጡት። (እኛ ጋ ጣት ከተነሣ «አምስት ጣት እኩል አይደለም» ነው። እነሱም የሰሙት ይህን ሳይሆን አይቀርም።)

በዓመቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን በባቡር ለይቶ ማሳፈርን ሕጋዊ አደረገ።

ሌላው ጥቁር ምሁር ደብሊው ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ መጀመሪያ ላይ ለቡከር የእንኳን ደስ አለህ መልእክት ልኮለት ነበር። በ1903 ግን ተገለበጠ። ይህ ሰው ሦስት ነገር ተዉ እያለን ነው አለ፦ ፖለቲካዊ ሥልጣንን፣ የዜግነት መብትንና የወጣቶቻችንን ከፍተኛ ትምህርት። ድምፅ መስጠት የማይችል ሰው ያፈራውን መሬትና ሱቅ በምን ያስጠብቃል? በ1909 ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ማኅበር፣ ኤንኤኤሲፒን፣ ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው።

ለኔ የአባባሉ ቁልፍ አማዞን ላይ ነው። ካፒቴኑ ከዚያ ወጣ ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚቀዳው ጨው ነው። የሁለቱም ጠብ የአላባማ ውሃ ጣፋጭ ነው ወይስ ጨው የሚል ነበር።

ቡከርም ቢሆን ጨዉ ጠፍቶት አልነበረም። አደባባይ ላይ ባልዲ ባልዲ እያለ፣ በጓዳ ደግሞ የጥቁሮችን ድምፅ የነጠቁ ሕጎችን ለሚሞግቱ ጠበቆች በሚስጥር ይከፍል ነበር። ይህ በሰፊው የታወቀው እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ደብዳቤዎቹ ሲገላበጡ ነው።